ታይስቶና ባለ ሰባ ዋቷ ካርድ

እኔ ኬርቱ እባላለሁ። በሳይማ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ሰው የጣለውን ዕቃ አድሰን በምንሸጥበት አዳራሽ ውስጥ፣ ከአሮጌ ሶፋዎቹና ከብስክሌቶቹ ጀርባ ያለችው የኮምፒውተር ጠረጴዛ የእኔ ናት። አቧራ አራግፋለሁ፣ የሞተውን እለውጣለሁ፣ የሚሠራውን ለይቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ወደ እኔ የሚመጡት ደንበኞች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ምንም የማያውቁና ሁሉን እናውቃለን የሚሉ። ሁለቱም ያናድዱኛል። ታይስቶ ሩስካኔን ደግሞ ከሁለቱም ስላልነበረ ለብቻው፣ በራሱ መንገድ ሲያናድደኝ ኖረ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ እሱ ነው።

ታይስቶ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወረቀት ፋብሪካ ገብቶ፣ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ ያላለ ሰው ነው። ማሽን ሁለት ላይ ነበር የሚሠራው። ማሽን ሁለትን ስታነሱበት ፊቱ ይበራል፤ ሌላ ነገር ስታነሱበት እንደተዘጋ ሱቅ ነው። እኛ እዚህ አገር መቼም ወሬ አናበዛም፤ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንኳ አንዳችን ከሌላችን ራቅ ብለን ነው የምንቆመው። የታይስቶ ዝምታ ግን ለእኛም በዛ። ሚስቱ ኢርመሊ በነበረች ጊዜ ችግር አልነበረም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትሠራ ሳቂታ ሴት ነበረች፤ ለሁለቱም የምታወራው እሷ ናት። "ታይስቶ እንዲህ ይላል" ትላለች፣ ታይስቶ ራሱን ይነቀንቃል፣ አለቀ።

ሁለቱ ተጋግዘው ከሐይቁ ማዶ አንዲት የበጋ ጎጆ ሠርተው ነበር። ግንዱን ታይስቶ ጠረበ፣ ቀዩን ቀለም ኢርመሊ ቀባች፣ ከውሃው አፋፍ ላይ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ሳውና፣ አቆሙ። አንዲት ልጃቸው ቬንላ ዋና የተማረችው እዚያ ነው፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ከተማ ውስጥ ብትፈልጓት አታገኟትም ነበር። ከዚያ ኢርመሊ ታመመች፤ የሐይቁ በረዶ ሳይቀልጥ ሞተች። ታይስቶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የበጋው በዓል ሳይደርስ ጎጆዋን ሸጣት። ለልጁ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ!

ቬንላ ኖርዌይ ውስጥ መኪና በሚያሻግር ትልቅ ጀልባ ላይ፣ ሞተር ክፍል ነው የምትሠራው። ለበዓሉ ሻንጣዋን አንጠልጥላ መጣች፤ አባቷን ይዛ በቀጥታ ወደ ጎጆዋ ልትሄድ። "ሸጫታለሁ" አላት በሩ ላይ ቆሞ። አልጮኸችም። ብትጮህ እንዴት ጥሩ ነበር! "እሺ አባዬ" ብላ፣ ሻንጣዋን እንኳ ሳትከፍት፣ በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ ተመለሰች።

እኔ ይህን የሰማሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ያውም ጥርስ እንደመንቀል ለፍቼ። "ለምን ሸጥካት ግን?" ብዬ ብጠይቀው ጫማውን ጫማውን ሲያይ ቆየና፣ "ሳውናው ውስጥ ፎጣዋ እንደተሰቀለ ነበር" አለኝ።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ በስልክ ቀሩ። አንድ ጊዜ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሞ ሳለ ደወለችለት፤ ስልኩ ጮክ ብሎ ስለሚሰማ ሳልፈልግ ሁለቱንም ሰማሁ።

"ምን አለ?"

"ምንም። እዚያስ?"

"ዝናብ ነው።"

"እዚህም።"

"እሺ በል።"

"እሺ በይ።"

ዘግቶም ኪሱ አልከተተውም፤ እጁ ላይ ይዞት ቆየ። ናፍቃዋለች። ይሄን ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። እሱ ግን "ናፍቀሽኛል" ከሚላት ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል። እሷም የእሱ ልጅ ናት፤ ከማን ትማር?

አንድ ቀን መጣና፣ "እንጨት የሚፈለጥበት ኮምፒውተር አለሽ?" አለኝ።

"መጥረቢያው ከወዲያኛው መደርደሪያ ነው" አልኩት።

"ጌም ነው" አለ ጆሮው እየቀላ። "ቬንላ ናት የላከችልኝ። አብረን እንጫወት አለችኝ።"

ጌሙ ተኩስ ምናምን የለበትም። ሐይቅና ደን የሞላበት ሰፊ ምድር ነው፤ ሰዎች ከያሉበት በኢንተርኔት ገብተው እንጨት ይፈልጣሉ፣ ዓሣ ይይዛሉ፣ ቤት ይሠራሉ። ያኔ እጄ ላይ የነበረው ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ጥቁር ሳጥን ብቻ ነበር። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ሥዕሉን የሚስለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሸጎጠች ደካማ ነገር ናት። "ይሄ ለሒሳብ ሠራተኛ የተሠራ ነው፤ ደን አይችልም" ብዬ ነገርኩት። "ይበቃኛል" ብሎ ተሸክሞት ሄደ።

እሁድ እሁድ፣ ከሳውና በኋላ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አባትና ልጅ እዚያ ይገናኙ ጀመር። በስልክ ሁለት ደቂቃ ዝም መባባል ያስጨንቃል፤ እዚያ ግን እስከ ማታ ዝም ተባብለው ጎን ለጎን ይፈልጣሉ፣ ማንም ማንንም አይታዘብም። ሰኞ ሰኞ እኔ ጋ ሲመጣ ሰውዬው ሌላ ነው። "ትናንት አጥር ሠራን" ይለኛል። ለታይስቶ ይሄ ንግግር ነው።

ዓመት ገደማ እንዲህ ከሄደ በኋላ ግን አንድ ሰኞ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ሄል የበዛበት ዳቦ ቆርሼ ብሰጠው እንኳ አልነካም።

"ቬንላ ጎጆዋን እየሠራቻት ነው" አለኝ።

"የትኛዋን ጎጆ?"

"የእኛን። ጌሙ ውስጥ። እኔ ካለሁበት ዳርቻ ማዶ፣ ውሃውን ተሻግሮ። ከጀመረች ቆየች።"

"እሰይ! ታዲያ ምን ያስከፋሃል?"

"አላያትም" አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር አቅም ስላልነበረው፣ ጌሙ እንዳይንቀራፈፍ ሲል ታይስቶ የእይታውን ርቀት መጨረሻ ድረስ አሳጥሮታል። ድንጋይ ወርውራችሁ ከሚደርስበት ወዲያ ያለው ሁሉ ለእሱ ጉም ነው። ሐይቁ መሐል ጉም፣ ማዶ ጉም። በጀልባ ልሻገር ብሎ ሲቀዝፍ ደግሞ ቬንላ የሠራችው ነገር ብዙ ስለሆነ፣ ገና ሳይቀርባት ስክሪኑ ይደርቅና ጌሙ ያስወጣዋል። ልጅቷ የመጀመሪያውን ግድግዳ ያቆመች ቀን "አባዬ፣ ማዶ ያለውን አየኸው? የእኛ ጎጆ ናት እኮ!" ስትለው፣ "አየሁት" አላት። ከዚያ መስኮቱን ጨመረች፤ "አየኸው?" አለች፤ "አየሁ፣ ቆንጆ ነው።" ሳውናውን ጨመረች፤ "አየሁ፣ ቆንጆ ነው።" የጀልባ መውረጃውን፣ የእንጨት ክምሩን፣ "ቆንጆ ነው።"

"ምን? ዋሸሃት?" ብዬ ጮህኩበት፤ ሶፋ የሚመርጡ ባልና ሚስት ዞረው አዩን።

"ድምፅዋ ደስ ብሎት ነበር" አለ። "አላይም ማለት አቃተኝ። አንዴ አየሁ ካልኩ በኋላ ደግሞ እንዴት ልመልሰው?"

"በቃ፣ 'ኮምፒውተሬ ደካማ ነው' አትላትም? ምን ያሳፍራል?"

"ጎጆዋን አንዴ ሸጥኩባት" አለ ታይስቶ። "አሁን ደግሞ የሠራችውን ሳላይ ነው የኖርኩት ልበላት? ማየት አለብኝ ኬርቱ። የምታሳይ ነገር ስጪኝ።"

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ያን ቀን ግን አንጀቴን በላኝ፤ ኮምፒውተር የሚጥሉትን ሁሉ እየዞርኩ ስጠይቅ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንዲት ካርድ አገኘሁ። ለድሃ ተጫዋች ታስባ የተሠራች ትንሽ ካርድ ናት፤ ርዝመቷ ከመጽሐፍ አይበልጥም፣ ማራገቢያዋም አንድ ብቻ ነው። የታይስቶ ሳጥን የኃይል ማከፋፈያው ደካማ ስለሆነ ትልልቆቹ ካርዶች የሚጠይቁትን ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ ከየት ያመጣል? ይቺ ግን ሰባ ዋት ብቻ ናት የምትበላው፤ እሱንም ከተሰካችበት ዋና ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ ነው የምትጠባው። ለእሱ ሳጥን ከእሷ የተሻለ በዓለም ላይ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

"ምን ያህል ርቀት ታያለች?" አለኝ እያገላበጣት።

"ካርድ አታይም ታይስቶ፤ ትስላለች። የምታየው አንተ ነህ። ሜሞሪዋ ስድስት ጊጋባይት ነው፤ ለእናንተ ደን ይተርፋል።"

ዘርዝሪልኝ አለ። ሌላው ደንበኛ ቀለሙንና መብራቱን ነው የሚጠይቀኝ፤ እሱ ቁጥር። የሜሞሪዋ መንገድ ስፋት ዘጠና ስድስት ቢት ነው አልኩት። ትልልቆቹስ? ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት።

"ጠባብ ናት" አለ ቅር ብሎት።

"ጠባብ ናት፤ ግን ፈጣን ናት። በእያንዳንዱ ቢት መስመር በሰከንድ አሥራ አራት ጊጋቢት ታሳልፋለች።"

ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደ፤ ሰውዬው ጡረታ ወጥቶም እርሳስ ጆሮው ላይ ነው። ስፋቱን በፍጥነቱ አባዛ፣ ለስምንት አካፈለ። "መቶ ስልሳ ስምንት ጊጋባይት በሰከንድ" አለ። ትክክል ነው። የወረቀት ማሽን ጉልበት የሚለካው እንዲሁ ነው አለኝ፤ ስፋት ሲባዛ በፍጥነት። "ማሽን ሁለትም ጠባብ ነበረች። ጎረቤት ከተማ ያለችው ሁለት እጥፍ ትሰፋ ነበር። ግን እኛ አናስቆማትም፣ ትሮጥ ነበር። እንዳትንቂያት" አለኝ፤ ካርዷን ማለቱ ነው። እንደ ጫጩት በሁለት መዳፉ ይዟት ወጣ።

መጥቼ ላስገባልህ አላልኩትም። እዚህ አገር ሳይጠሩ ሰው ቤት አይኬድም፤ ታይስቶ ደግሞ ሰው አይጠራም። በዚያ ላይ ዕድሜ ልኩን ማሽን የፈታ ሰው ካርድ መሰካት ያቅተዋል ብዬ ማን ያስብ?

በሳምንቱ ሰኞ መጣ። "ለውጥ የለም።"

"ሶፍትዌሯን ጭነህላታል?"

"ጭኛለሁ።"

"ጌሙን ዘግተህ ከፍተሃል?"

"ሕፃን ነኝ እንዴ? ኮምፒውተሩ ያውቃታል፤ ስሟንም ይጠራል። ግን ያው ጉም ነው። ርቀቱን ስጨምረው ይደርቃል።"

ሄዶ ፈትቶ እንደገና እንዲገጥማት ነገርኩት። ገጠማት፤ ያው ነው። በሌላኛው ሰኞ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሲያነብ ከርሞ ክስ ይዞ መጣ። "ስምንት መስመር ብቻ ናት" አለኝ ገና ሳይቀመጥ። "የምትሰካበት ቀዳዳ ዳታ የሚያልፍበት አሥራ ስድስት መስመር አለው፤ እሷ ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀመው። ለዚህ ነው። ደካማ ናት ካርድሽ።"

ደሜ ፈላ። "ደካማ? ስማ ታይስቶ፤ ስምንት መስመር ለእሷ ይበቃታል! ያቺን ካርድ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ራሴ ነኝ የፈተንኳት። አንተ ነህ አንድ ነገር ያበላሸኸው!"

ይመልስልኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻው ወረደ። "ይሆናል" አለ። "ወይም አርጅቻለሁ። ቬንላም ሰልችቷታል። ባለፈው እሁድ 'አባዬ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ እሁዱን ብንተወውስ? አንተም ደስ የሚልህ አይመስለኝም' አለችኝ። የፊታችን እሁድ ትመጣለች። ከዚያ በኋላ እንጃ።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"እናያለን አልኳት።"

ወይ ጉድ! ልጅቷ እንዲለምናት ነው የጠየቀችው፤ እሱ እናያለን ይላታል! የእሁዷ ጌም ከተዘጋች ምን ይቀራቸዋል? ዝናብ ነው፣ እዚህም፣ እሺ በይ፤ እሱም እየቆየ ይጠፋል። ጎጆዋንም ሳያያት ሊቀር ነው።

"እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ቤትህ እመጣለሁ" አልኩት።

ያን ያህል ዓመት ስንተዋወቅ አንዱ የሌላውን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ልብስህን አውልቅ ብለው ኖሮ እንደዚያ አይደነግጥም ነበር፤ እሱማ ለሳውና የለመድነው ነው። በመጨረሻ "ጫማ ታወልቂያለሽ" አለኝ። እሺ ማለቱ ነው።

እሁድ በረዶና ጭቃ የተደባለቀበት ቀን ነበር። ቤቱ ጥርት ብሎ ተጠርጓል፤ አጃ ዳቦና በጭስ ያበሰለው ዓሣ ጠረጴዛ ላይ አቅርቧል፤ ራሱ ግን ጥግ ይዞ ቆሟል፣ እንግዳው እሱ ይመስል። ኮምፒውተሩ ከመስኮቱ ሥር ነው። ዳቦውን በኋላ ብዬ ተንበርክኬ ከሳጥኑ ጀርባ ገባሁ።

እያንዳንዱ ገመድ ላይ ነጭ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል፤ ፕላስተሩ ላይ በእርሳስ ቁጥር ተጽፏል። እያንዳንዱ ቀዳዳ አጠገብም እንዲሁ። አንድ ወደ አንድ፣ ሁለት ወደ ሁለት። ከፋብሪካው ያመጣው አሠራር ነው። በዓመት አንዴ ማሽኑ ቆሞ ሲፈታ ሁሉም ቱቦ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ሲመለስ ከወጣበት ቀዳዳ ውልፍት አይልም፤ አንዱ ቱቦ ያለቦታው ቢገባ ሰው ሊሞት ይችላል። የስክሪኑ ገመድ ሦስት ቁጥር ነው፤ ሦስት ቁጥር ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቷል። የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ውስጥ! ከእሱ ዝቅ ብላ ካርዷ ሦስት ቀዳዳዎቿን ደርድራ ተቀምጣለች፤ እኔ ከፈተንኳት በኋላ መልሼ የከደንኩባት የአቧራ መከላከያ ላስቲክ እንኳ አልተነቀለላትም።

"ታይስቶ!"

"ምን?"

"የስክሪኑን ገመድ የት ነው የሰካኸው?"

"ከወጣበት።"

"ከወጣበት! እንዴ! ካርዷ እኮ የራሷ ቀዳዳ አላት! የስክሪኑ ገመድ እሷ ላይ ነው የሚሰካው! አሁንም ሥዕሉን የምትስለው ያቺው አሮጌዋ ደካማ ናት፤ ይቺ ምስኪን እስከ ዛሬ ሥራ ፈታ ግድግዳ ስታይ ነው የከረመችው!"

ብዙ ሰው ይህን ስህተት ሲሠራ አይቻለሁ፤ ግን ዝርክርክ ሰው ነው የሚሠራው። ከጥንቃቄ ብዛት የሠራው ታይስቶ ብቻ ነው። ሌላ ማዘርቦርድ ቢሆን ካርድ ሲገባለት የራሱን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ስክሪኑ ይጨልምና ችግሩ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። ይሄኛው ደግነት መስሎት ሁለቱንም ክፍት ትቶታል።

"ቁጥሩ ግን ሦስት ነው" አለ ታይስቶ ቀስ ብሎ።

"ቁጥሩን የለጠፍከው አንተ ነህ!"

መጀመሪያ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አለቀሰ ብዬ ደንግጬ ቀና ስል እየሳቀ ነው። ድምፅ የሌለው ሳቅ። እኔም ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪወጣ ሳቅሁ። "ማሽን ሁለትን ከቧንቧው ሳላገናኛት ውሃ አልመጣም እያልኩ ነበር" አለ ዓይኑን እየጠረገ። ሰውዬው ቀልድ ያውቃል ለካ።

ላስቲኩን ነቀልኩ፣ ገመዱን ካርዷ ላይ ሰካሁ፣ አስነሳነው። ጌሙ ሲከፈት የእይታውን ርቀት ይዤ እስከ መጨረሻው ገፋሁት። ማራገቢያዋ ሽው ማለት ጀመረች። እና ጉሙ ሄደ። እንዴት ልንገራችሁ፣ ተገፍፎ ሄደ። ከታይስቶ ዳርቻ ላይ ሣሩ፣ አጥራቸው፣ ከዚያ ውሃው፣ ውሃው ላይ የሰማዩ ቀለም፣ ከውሃው ማዶ በርች ዛፎቹ አንድ በአንድ ተለይተው።

"ኧረ ተመልከት!" አልኩ። "ደካማ ናት አላልክም? ተመልከታ!"

እሱ ግን ዛፉንም ሰማዩንም አላየም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማዶውን ነው የሚፈልገው። ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሰ። በርቾቹ መሐል አንድ የተመነጠረ ሜዳ ብቻ አለ። ራቁት መሬት። ምንም።

"የት አለች?" አለ።

"ምናልባት ከዛፎቹ ጀርባ ትሆናለች።"

"ከዛፎቹ ፊት ነው ያለችኝ። ውሃው ዳር።"

ወዲያው የቬንላ ድምፅ ከስፒከሩ መጣ። አሥር ሰዓት ሞልቶ ኖሯል። "ሰላም አባዬ። ዛሬ ብዙ አልቆይም።"

"ቬንላ" አለ ታይስቶ። "ጎጆዋ የት ሄደች?"

"አፈረስኳት እኮ" አለች። "ባለፈው እሁድ፣ ልንሰነባበት ስንል ጠይቄህ ነበር። 'ያንን ነገር ላንሳው?' ብልህ 'እንደፈለግሽ' አልከኝ።"

እጁ ከማውሱ ላይ ወረደ። እኔ ቤቱ ውስጥ መኖሬ አሳፈረኝ፤ ካፖርቴን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። ይሄ ሰው አሁን "እሺ" ብሎ ዝም ሊል ነው ብዬ ፈራሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ያንኑ ነውና። በልብህ አትያዘው፣ ተናገር፣ በሞቴ ተናገር እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

"አይቻት አላውቅም" አለ ታይስቶ።

"ምን?"

"ጎጆዋን። አንድ ቀን እንኳ አይቻት አላውቅም። ኮምፒውተሩ አይችልም ነበር። ጉም ነበር ቬንላ። የማያት መስሎሽ ስትጠይቂኝ አየሁ አልኩሽ። ዋሸሁሽ። የምታነሺውም አጥሩን መስሎኝ ነው።"

"ለምን?" ድምፅዋ ቀጠነ። "ለምን አትነግረኝም? እኔ እኮ የጠላኻት መስሎኝ! በየሳምንቱ አንድ ነገር እጨምራለሁ፣ አንተ 'ቆንጆ ነው' ትለኛለህ፣ ልክ ለማታውቀው ሰው እንደሚባለው። እንደገና እያሳመምኩህ መስሎኝ ነው ያፈረስኳት። ስለዚያ ቦታ አንዲት ቃል ተናግረህ አታውቅም፤ ከሸጥካት ጀምሮ፣ አንዲት!"

"አልቻልኩም" አለ። "ያለ እናትሽ እዚያ መግባት አልቻልኩም። ላንቺ ደግሞ መንገር ነበረብኝ። ይቅርታ የኔ ልጅ።"

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማን። እኔ በካልሲዬ ወደ በሩ መንገድ ጀመርኩ።

"ንገሪኝ" አላት። "ምን ምን ነበራት?"

"ሁሉ ነገር።"

"እኮ ንገሪኝ። ከውሃው ዳር ጀምሪ።"

ጀመረች። የጀልባ መውረጃው ሦስተኛው ጣውላ ሰባራ ነው፣ ሆን ብላ ሰባራ አድርጋ ሠራችው። ሳውናው ወደ ምዕራብ ያያል። ከምድጃው አጠገብ መስቀያ አለ። ታይስቶ እያንዳንዱ ላይ "እህ" ይላል፤ ዓይኑ ከዚያ ራቁት ሜዳ ላይ አይነሳም፣ እሷ እየተናገረች እሱ እያቆመው ይመስላል። እኔ አንድ ጫማ አድርጌ ሁለተኛውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"በሩን ብቻ አልጨረስኩትም" አለች ቬንላ። "የእውነተኛው በር ሲከፈት ይጮህ ነበር፤ ትዝ ይልሃል? ጌሙ ውስጥ የሚጮህ በር የለም። ብዙ ሞከርኩ።"

"ዘይት ልቀባው ነበር" አለ ታይስቶ። "እናትሽ ናት ተው ያለችኝ። ስትመጪ እንድትሰማሽ።"

በቀስታ፣ "አላወቅኩም ነበር" አለች። ቀጠለችና፣ "እንደገና ልሥራት አባዬ? አሁን ታያታለህ አይደል?"

"አያታለሁ" አለ። ያን ቃል ከአፉ ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደታገለ ከጀርባው አየሁት፤ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ፣ ሁለት ጊዜ ተወው። "ግን አንቺ ነይ። ራስሽ። ናፍቀሽኛል።"



"ለገና እረፍት አለኝ" አለች ቬንላ፤ እያለቀሰች እንደሆነ እንኳን እኔ ማንም ያውቃል። "ያሁኑ ቤትህ በር ይጮሃል?"

"አይጮህም" አላት። "ግን እሰማሻለሁ።"